የቢራቢሮዋ ሰበብ፦ ስለ ኬኦስ፣ ስለ ትንበያና ስለ አንድ ዝነኛ መጽሐፍ

የመጪውን ዓመት ፋሲካ ዕለት ማወቅ የሚሻ ሰው ባሕረ ሐሳብ ወደሚያውቅ ሊቅ ቢሄድ፣ ሊቁ ዓመተ ዓለሙን ቆጥሮ፣ ወንበሩን፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን አውጥቶ ቀኑን ቁርጥ አድርጎ ይነግረዋል። ጥያቄው ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ስለሚመጣው ፋሲካ ቢሆንም መልሱ አይዘገይም። ይኸው ጠያቂ መለስ ብሎ፣ «በበዓሉ ማግስትስ ዝናብ ይጥል ይሆን?» ቢል ግን፣ ሊቁ ፈገግ ብሎ «እሱን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው» ከማለት የተሻለ መልስ አይኖረውም።

ዝናብም እንደ ጨረቃ ሁሉ ሕግ አለው። ውሃ ይተናል፤ ወደ ላይ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፤ ከብዶ ይወርዳል። ነፋስም ያለ ምክንያት አይነፍስም። ታዲያ ሁለቱም በሕግ የሚመሩ ከሆኑ፣ አንዱ ለዘመናት የሚሰላ፣ ሌላው ለአንድ ወር እንኳ የማይሰላ የሆነው ስለምን ነው?

ወደዚህ ጥያቄ የመለሰኝ አንድ ወዳጄ ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ምሽት ጨዋታ መካከል የተናገረው ቃል ነው። ጨዋታችን የወቅቱ የዝናብ ትንበያ ይታመናል ወይስ አይታመንም የሚል ነበር። «ተወው እባክህ!» አለኝ፤ «ቢራቢሮ ክንፏን ባራገበች ቁጥር ማዕበል በሚነሣበት ዓለም ምኑ ይተነበያል? ሳይንሱ ራሱ አይቻልም ብሎ ደምድሟል።» ወዳጄ መጽሐፍ የሚያገላብጥ ሰው ነው፤ ቃሉንም ከሜዳ አላነሣውም። ያን ምሽት የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ይልቁንም ቤቴ ገብቼ ይህን አባባል ከላቦራቶሪ አውጥቶ በየሰዉ አፍ ያኖረውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርጄ እንደገና አነበብሁት። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ዳግም ንባብ ፍሬ ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ በ1987 የታተመው የጄምስ ግሊክ «ኬኦስ፦ የአዲስ ሳይንስ ልደት» ነው ልንለው የምንችለው ሥራ ነው። ግሊክ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ነበር። መጽሐፉ ለፑሊትዘር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ እስከ መሆን ደርሷል፤ እስከ ዛሬም ይነበባል። መልካም ጎኑን አስቀድሞ መመስከር ተገቢ ነው። የሒሳብ ቀመር የሚፈራውን አንባቢ እጁን ይዞ፣ ከሜትሮሎጂስቱ ኤድዋርድ ሎሬንዝ ወደ ሥነ ሕይወት ሊቁ ሮበርት ሜይ፣ ከሚቸል ፋይገንባም ወደ ቤንዋ ማንዴልብሮት እያሻገረ፣ የውሃ ጠብታ፣ የእንስሳት ቁጥርና የደመና ጠርዝ አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚያነሡ መሆናቸውን ያሳየዋል። ሳይንስን እንደ ልብ ወለድ ማስነበብ ቀላል ተሰጥዎ አይደለም።

እንከኑም የሚወለደው ከዚሁ ተሰጥዎ ነው። ልብ ወለድ ጀግና ይሻልና፣ ግሊክም ሳይንሱን ብቻቸውን የቆሙ ዐመፀኞች ታሪክ አድርጎ ጻፈው። ልብ ወለድ ምልክት ይሻልና፣ ቢራቢሮዋ ተገኘች፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስያሜም የእርሷ ሆነ። አንባቢው መጽሐፉን ከዘጋ ከዓመታት በኋላ ከቀመሩም ከክርክሩም የሚያስታውሰው እርሷን ብቻ ነው። ምልክቱ ነገሩን ዋጠው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ሥሩ እንመለስ።

በ1961 ክረምት ሎሬንዝ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ሮያል ማክቢ በምትባል ኮምፒዩተር በዐሥራ ሁለት ቁጥሮች የምትገለጽ አንዲት የአሻንጉሊት ዓለም አየር እየቀመረ ነበር። አንዱን ስሌት ራቅ አድርጎ ሊያየው ፈለገና፣ ከመነሻው ከመጀመር ይልቅ ከመካከሉ የታተመውን ቁጥር እንደ ገና አስገብቶ ቡና ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ አዲሱ ስሌት ከቀድሞው ጋር ጥቂት ተጉዞ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ተለያይቶ፣ በመጨረሻም ምንም የማይዛመድ ሌላ አየር ሆኖ አገኘው። በመጀመሪያ የጠረጠረው የማሽኑን ብልሽት ነበር። ጉዳዩ ግን ሌላ ነው፤ ማሽኗ በሆዷ የያዘችው ቁጥር 0.506127 ሲሆን በወረቀቱ ላይ ያተመችው 0.506 ብቻ ነበር። ከሺህ አንድ እጅ የማይሞላ ልዩነት የዓለሙን አየር ለወጠው። ሎሬንዝ ይህን መሠረት አድርጎ ሥራውን ወደ ሦስት ቀመሮች አጥብቦ በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሕግ የሚመራ ሆኖ የማይደጋገም እንቅስቃሴ ምን እንደሚመስል አሳየ።

የግሊክ ትረካ ሎሬንዝን ከማሽኑ ጋር ብቻውን ያቆመዋል። እውነቱ ግን ማሽኗን የሚያናግሩ ሌሎች እጆች ነበሩ። መጀመሪያ ማርጋሬት ሃሚልተን፣ ኋላም ኤለን ፌተር ፕሮግራሙን ይጽፉና ስሌቱን ያካሂዱ ነበር። ሎሬንዝ ራሱ በ1963ቱ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ፌተርን በስም አመስግኗል። ሃሚልተንም በኋላ አፖሎን ወደ ጨረቃ ያደረሰውን የበረራ ፕሮግራም ሥራ የመራች ሴት ናት። የጀግና ታሪክ እንዲህ ያሉትን ሰዎች በጥላ ያስቀራል። ፈረንሳዊው አንሪ ፑዋንካሬም ቢሆን ከሰባ ዓመት አስቀድሞ ይህንኑ በር አንኳኩቶ ነበር። በ1889 በስዊድኑ ንጉሥ በኦስካር ስም የተዘጋጀውን የሒሳብ ሽልማት ካሸነፈ በኋላ በሥራው ውስጥ ስሕተት ተገኘበት። የታተመውን አስሰብስቦ፣ ከሽልማቱ የሚበልጥ ገንዘብ ከኪሱ አውጥቶ አሳረመው። ሦስት አካላት እርስ በርሳቸው ሲሳሳቡ የሚከተሉት መንገድ ሊጠለፍ የሚችለውን ያህል የተጠላለፈ መሆኑን የተረዳውም ያን ስሕተት ሲያርም ነው።

* * *

አንባቢ ይህን በአፈ ታሪክ ሳይሆን በራሱ እጅ እንዲሞክረው እወዳለሁ፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ሕጉ እጅግ ቀላል ነው፦ ቁጥሩን በእጥፍ አባዛ፤ ውጤቱ ከአንድ ካለፈ አንዱን ጣልና የቀረውን ብቻ ያዝ፤ ደግመህ አባዛ። ዕድል የለበት፣ ዕጣ የለበት። ከሎሬንዝ ሁለት ቁጥሮች እንጀምር። ከ0.506127 ተነሥተን አምስት ጊዜ ብናባዛ 0.196 እናገኛለን፤ ከ0.506 ብንነሣ 0.192። ወንድማማች ናቸው። በሰባተኛው እርምጃ አንደኛው 0.784፣ ሁለተኛው 0.768 ይሆናል፤ አሁንም አልተራራቁም። በዐሥረኛው 0.274 እና 0.144፤ አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊያክል ምንም አልቀረውም። በዐሥራ ሁለተኛው 0.096 እና 0.576፤ ከእንግዲህ ዝምድናቸውን የሚያውቅ የለም።

ከዚህ ጨዋታ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው የታወቀው ነው፤ ትንሽ ስሕተት ያድጋል። ሁለተኛው ግን ቢራቢሮዋ የጋረደችው ነው፤ ስሕተቱ የሚያድገው በታወቀ ፍጥነት ነው። እስከ ሰባተኛው እርምጃ ድረስ ግምታችን ያገለግላል፤ ከዐሥረኛው በኋላ አያገለግልም። መነሻውን ይበልጥ አጥርተን ብንለካ እርምጃዎች እንጨምራለን፤ ነገር ግን የመለኪያ ስሕተታችንን በግማሽ በቀነስን ቁጥር የምናተርፈው አንዲት እርምጃ ብቻ ናት። ድካሙ በእጥፍ ያድጋል፤ ትርፉ በነጠላ ይደመራል። የኬኦስ ንድፈ ሐሳብ ስለ ትንበያ የሚለው ይህንን ነው። ትንበያ ወሰን አለው፤ ወሰኑም ይለካል ይላል እንጂ ትንበያ የለም አይልም።

ይህ ዓይነቱ ወሰን በሰማይም አለ። ጠፈርተኞች በቀመር የሚተነብዩት የፀሐይ ጭፍራ እንኳ ከወሰን አያመልጥም። ፈረንሳዊው ዣክ ላስካር በ1989 እንዳሳየው፣ የምድርን ቦታ ዛሬ በ15 ሜትር ብንሳሳት፣ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በኋላ በምሕዋሯ ላይ የት እንደምትገኝ መናገር አንችልም። በመቶ ሚሊዮን ዓመትና በሁለት ሳምንት መካከል ያለው ልዩነት የፍጥነት ነው፤ የዓይነት አይደለም። ባሕረ ሐሳባችን የማይሳሳተውም ሊቃውንቱ በሚደጋገም ቀመር ላይ ስላቆሙት ነው፤ በየ532 ዓመቱ ዐቢይ ቀመሩ ተፈጽሞ ከመነሻው ይጀምራል። አየር ግን ወደ ነበረበት በትክክል ተመልሶ አያውቅም።

* * *

አሁን ወደ ቢራቢሮዋ። ሎሬንዝ መጀመሪያ ይጠቅስ የነበረው የባሕር ወፍን ክንፍ ነበር። ቢራቢሮዋ ስሟ የገነነው በታኅሣሥ 1972 በዋሽንግተን ባደረገው ንግግር ነው። የንግግሩን ርእስ በጊዜው ባለማስታወቁ ስብሰባውን ያዘጋጀው ፊሊፕ ሜሪሊስ አወጣለት፦ ብራዚል ውስጥ የቢራቢሮ ክንፍ መርገብገብ ቴክሳስ ላይ አውሎ ነፋስ ያስነሣልን? የሚል። ርእሱ ጥያቄ መሆኑን ልብ ይሏል። ጥያቄው በየአፉ ሲዞር የጥያቄ ምልክቱ ወደቀና ዐዋጅ ሆነ።

ሎሬንዝ ግን በንግግሩ የሰጠው መልስ ለዐዋጁ አይመችም። አንዲት ቢራቢሮ አውሎ ነፋስ ልታስነሣ የምትችል ከሆነ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ያራገበቻቸው ክንፎች ሁሉ፣ የሌሎች አእላፍ ቢራቢሮዎች፣ ከቢራቢሮም የሚበረቱት ፍጥረታት እኛን ጨምሮ የምናደርገው ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል። ደግሞም ልታስነሣ የምትችል ከሆነ ልትከለክልም ትችላለች። ስለዚህ «ያችኛዋ ቢራቢሮ አመጣችው» የሚል ክስ አይቆምም። ቀጥሎ ያለው ነጥብ ከሁሉ ይበልጣል፤ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን መነካካቶች በዓመታት ብዛት ሲታዩ የአውሎ ነፋስን ቁጥር አይጨምሩም፣ አይቀንሱም፤ የሚለውጡት የሚመጣበትን ቅደም ተከተል ብቻ ነው ሲል ሎሬንዝ ሐሳብ አቀረበ። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር የየዕለቱን የአየር ጠባይ ከየዘመኑ የአየር ንብረት ይለያል። የትኛው ቀን እንደሚዘንብ መናገር ያቃተው ሰው፣ ክረምቱ ዝናባም መሆን አለመሆኑን መናገር ይሳነዋል ማለት አይደለም።

የጥምቀትን ዕለት ያስታውሷል። በከተራው ሰልፍ መካከል አንዱ ሰው ወደ ግራ ይልፍ ወደ ቀኝ፣ ከዘመዱ ጋር ሊጨዋወት ይቁም ወይስ ይሩጥ፣ ማንም አስቀድሞ አያውቅም። ሕዝቡ ግን ወደ ጥምቀተ ባሕሩ እንደሚወርድ የማይናገር የለም። የአንዱ አለመታወቅ የብዙኃኑን መታወቅ አይሽረውም።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። ኬኦስን በአማርኛ «ትርምስ»፣ «ምስቅልቅል»፣ አንዳንዴም «ሥርዓት አልባነት» የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ገበያ ሲፈርስ፣ ጦር ሲሸሽ ትርምስ እንላለን፤ ሕግ የጠፋበት ሁኔታ ነውና። ሳይንሱ የሚናገረው ግን ሕጉ ፈጽሞ ስላልጠፋበት ነገር ነው። ከላይ የሠራነውን የማባዛት ጨዋታ ማን ትርምስ ይለዋል? ጥፋቱ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ በ1975 ሊ እና ዮርክ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ይህን የግሪክ ቃል በጽሑፋቸው ርእስ ላይ ሲያውሉት፣ ማራኪ ቢሆንም አሳሳች ስም ሰጡት። ሕጉ የታወቀ፣ ፍጻሜው የራቀ ለሆነ ነገር የሚስማማ ቃል እስክናገኝ ድረስ፣ ባዕዱን ቃል እንዳለ መያዝ ካሳሳች ትርጉም ይሻላል ባይ ነኝ።

* * *

በግሊክ መጽሐፍ ላይ የማነሣው ዋና ቅሬታ ስለ ትንበያ ከሰጠው ፍርድ ላይ ነው። በዘመኑ የነበረውን የዓለም ምርጥ ትንበያ ሲገመግም፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ያለውን መላምት፣ ከስድስት ሰባት ቀን በኋላ ያለውን ዋጋ ቢስ ብሎታል። ለ1987 ፍርዱ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ነገር ግን አንባቢው የዘመኑን ሁኔታ እንደ ተፈጥሮ ወሰን አድርጎ እንዲወስደው ተወው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርት ዓመታት፣ ሳተላይቱ፣ ኮምፒዩተሩና የመለኪያ ማቀናበሪያው ሲሻሻል፣ ጠቃሚ ትንበያ በየዐሥር ዓመቱ አንድ ቀን ያህል ወደ ፊት ተራምዷል። አንድ ቀን በዐሥር ዓመት! ከላይ በወረቀታችን ያየነው የድካምና የትርፍ ሕግ እነሆ በተግባር። በቅርብ ዓመታት ከቀድሞ መዝገብ ራሳቸውን የሚያስተምሩ የኮምፒዩተር ሞዴሎችም ሥራውን እጅግ አፋጥነውታል፤ ይሁንና ቀድሞ ባልተለካ መነሻ ላይ ተአምር አይሠሩም።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከፋል። ሳይንሱ ለኬኦስ የሰጠው መልስ እጅ መስጠት አልነበረም፤ የጥያቄውን አቀራረብ መለወጥ ነበር። መነሻውን በትክክል ማወቅ ካልቻልን፣ በስሕተታችን ልክ ጥቂት ጥቂት ከሚለያዩ ብዙ መነሻዎች እንነሣ፤ ከዚያም ስሌቶቹ ተቀራርበው ይጓዙ እንደ ሆነ ወይም ቶሎ ይበታተኑ እንደ ሆነ እንይ። ከተቀራረቡ እምነታችን ይጨምራል፤ ከተበታተኑ አናውቅም ለማለት ምክንያት ይኖረናል። ይህን ሐሳብ ኤድዋርድ ኤፕስታይን በ1969፣ ሴሲል ሊዝ በ1974 አቅርበውታል፤ ግሊክ ሲጽፍ አዲስ ወሬ አልነበረም። በታኅሣሥ 1992 የአሜሪካና የአውሮፓ ማዕከሎች የዕለት ሥራቸው አደረጉት፤ የአውሮፓው ማዕከል ከ1996 ጀምሮ አንዱን ትንበያ በ51 መነሻዎች ደጋግሞ ሲያሰላ ኖሯል። «ሰባ በመቶ የመዝነብ ዕድል» የምትለዋ ቃል የተወለደችው ከስንፍና ወይም ከፍርሃት ሳይሆን ከዚህ ትሕትና ነው። ከኬኦስ ታሪክ ውስጥ ለተራው ሰው የሚጠቅመው ምዕራፍ ይህ ነበር፤ መጽሐፉ ግን ደጃፉ ላይ አደረሰንና በሩን ሳይከፍት ተመለሰ።

* * *

ይህ ሁሉ ለእኛ ለቀንዱና ለምሥራቅ አፍሪቃ ነዋሪዎች የቅንጦት ንባብ አይደለም። በክልላችን የአየር ንብረት ትንበያ መድረክ ከ1998 ጀምሮ ይካሄዳል፤ በየወቅቱ መግቢያ የየአገሩ ባለሙያዎች ተሰብስበው መጪው ዝናብ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ ያስታውቃሉ። ወቅት ሊተነበይ የሚችለው ውቅያኖስ ከአየር ይልቅ ዝግተኛ ስለሆነ ነው። የፓሲፊክ ወገብ ሲሞቅ ሙቀቱ ለወራት ይቆያል፤ አየሩንም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ኤል ኒኞ የምንለው ይኸው ሙቀት የኢትዮጵያን ክረምት የማሳነስ ዝንባሌ ሲኖረው፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን የኬንያንና የሶማሊያን ዝናብ ደግሞ የማብዛት ዝንባሌ አለው። ዝንባሌ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው የምሥራቅ አፍሪቃ ረጅሙ ዝናብ ደግሞ ከአጭሩ ዝናብ ይልቅ ለመተንበይ የሚያስቸግር መሆኑን ባለሙያዎቹ ራሳቸው አይሸሽጉም።

የኢትዮጵያ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለወቅት ትንበያ ይጠቀሙበት የነበረው ዘዴ ለሎሬንዝ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። የዘንድሮን ውቅያኖስና ነፋስ የሚመስል ያለፈ ዓመት ፈልጎ፣ በአምሳያው መፍረድ ነው። አያቶቻችንም «ይህ ዓመት የእገሌን ዘመን ይመስላል» እያሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሎሬንዝ በ1969 ይህን መንገድ ፈትኖት ነበር፤ የአምስት ዓመት የሰማይ መዝገብ በርብሮ በእውነት የሚመሳሰሉ ሁለት ሁኔታዎች አጣ። ለየዕለቱ አየር አምሳያ አይገኝም። ለወቅት ግን፣ ዝግተኛው ውቅያኖስ መሪ ስለሆነ፣ ጥቂት አምሳያ ዓመታትም አንዳች ፍንጭ ይሰጣሉ፤ ፍንጩ የመዝገቡን ዕድሜ ያህል ብቻ ቢሆንም።

እንግዲህ ወዳጄ የተናገረውን ቃል ከአንድ ታሪክ ፊት እናቁመው። በ2010 አጋማሽ ፓሲፊክ ቀዝቅዞ ላ ኒኛ ተከሠተ። የቅድመ ማስጠንቀቂያ ተቋማት ከነሐሴ 2010 ጀምሮ በምሥራቁ ቀንድ ድርቅ ሊመጣ እንደሚችል ተናገሩ። የዓመቱ መጨረሻ ዝናብ ቀረ፤ ማስጠንቀቂያው በረታ። የ2011 የጸደይ ዝናብም ተበላሸ። የተባበሩት መንግሥታት በደቡብ ሶማሊያ ረኀብ መግባቱን በይፋ ያወጀው ሐምሌ 20 ቀን 2011 ነው፤ ከመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ዋናው የእርዳታ ገንዘብ መጉረፍ የጀመረው ከዐዋጁ በኋላ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። በኋላ በተደረገ ጥናት የሞቱት 258,000 ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል፤ ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ።

ለዚህ እልቂት ጦርነቱም፣ የእርዳታ መንገድ መዘጋቱም፣ የምግብ ዋጋ መናሩም ድርሻ አላቸው፤ ድርቅ ብቻውን ረኀብ አይሆንም። ቢራቢሮ ግን ድርሻ የላትም። የሚታወቀው ታውቆ ነበር። የጎደለው፣ «ምናልባት» በሚል ቃል ላይ ተመሥርቶ ገንዘብ የሚያወጣ፣ መኪና የሚያስነሣ ውሳኔ ነው። ባለ ሥልጣንና ለጋሽ ትንበያ ሲቀርብላቸው አዘውትረው የሚጠይቁት «እርግጠኛ ናችሁ?» ብለው ነው። ሐቀኛው ባለሙያ «አይደለንም» ይላል፤ ጉዳዩም ይዘጋል። እርግጠኛነትን የትንበያ መስፈርት ያደረገ ሰው፣ ተቃራኒው ነገር እርግጠኛ ይመስል፣ አለመንቀሳቀስን ይመርጣል። ስድሳ በመቶ ይዘንባል ሲባል ጃንጥላ የሚይዝ ሰው፣ ስድሳ በመቶ ድርቅ ይሆናል ሲባል መቶ እስኪሞላ የሚጠብቅበት ምክንያት በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም።

ቢራቢሮዋ ሰበብ ሆነች የምለውም በዚህ ምክንያት ነው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት ተከታታይ ዝናቦች በቀንዱ ምሥራቅ ሲቀሩ፣ ማስጠንቀቂያው ዳግመኛ ቀድሞ መጥቷል። በ2022 ሶማሊያ ውስጥ ረኀብ በይፋ ሳይታወጅ ቀርቷል፤ እርዳታው ከ2011 ይልቅ ቀድሞ በመድረሱ እንደሆነ ብዙዎች ይስማማሉ። ሆኖም በዚያው ዓመት ድርቁ ያስከተለው ተጨማሪ ሞት 43,000 ያህል እንደሚሆን በ2023 የወጣ ጥናት ገምቷል። ቀድሞ መስማት ያድናል፤ ግማሽ መስማት ግማሹን ያድናል።

* * *

ለክርክሬ ወሰን ማበጀት አለብኝ። ትንበያን ከናቂዎቹ ስንጠብቅ ለአምላኪዎቹ አሳልፈን እንዳንሰጠው። ፈረንሳዊው ላፕላስ በ1814 ሁሉን የሚያውቅ አእምሮ ቢኖር መጪው ዘመን እንዳለፈው ግልጽ ይሆንለት ነበር ብሎ ጽፏል፤ ዛሬ ያንን አእምሮ ከኮምፒዩተር የሚጠብቁ አልጠፉም። የገበያን ውድቀት፣ የስደትን ማዕበል፣ የጦርነትን መነሣት በቀመር እንነግራችኋለን የሚሉ ሪፖርቶች በየጊዜው ይደርሱናል። አየር ሲተነበይ ቢያንስ ሕጉ ይታወቃል፤ የጎደለው መነሻው ነው። በሰው ጉዳይ ግን ሕጉም አይታወቅም። ሞራ ገላጩ በኮምፒዩተር ስለተተካ ብቻ ሞራው ሳይንስ አይሆንም። እንዲህ ያለውን ነገር ኬኦስ ብሎ መጥራትም ለማናውቀው ነገር የክብር ልብስ ማልበስ ነው።

ደግሞም ደመና ትንበያውን አይሰማም፤ ሰው ግን ይሰማል። የሰማ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ሲንቀሳቀስም የተነገረውን ነገር ይለውጠዋል። በ2015 ኤል ኒኞ የኢትዮጵያን ክረምት ሲያበላሽ፣ በዓመቱ መጨረሻ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች 10.2 ሚሊዮን ተብለው ተቆጠሩ። መከራው ከባድ ነበር፤ የ1984ቱ ዓይነት እልቂት ግን አልተደገመም። ዝናቡ በቀረ ጊዜ ጎተራውና መንገዱ ነገሩን ለወጡት። እንዲህ ሲሆን የአስጠንቃቂው ዕጣ አስቸጋሪ ነው፤ ሰዎች ካልሰሙት ነቢይ ይባላል፣ ከሰሙት ግን ያለው ስላልደረሰ ሐሰተኛ ይመስላል።

ይህን ዕጣ ዮናስ ያውቀዋል። ነነዌ ትጠፋለች ብሎ ሰበከ፤ ሕዝቡ ሰምቶ ጾመ፤ ከተማዪቱም ዳነች። ነቢዩ ግን ቃሉ ባለመፈጸሙ ተከፍቶ ከከተማ ውጭ ተቀመጠ። ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ ለሦስት ቀን የነነዌን ጾም የሚጾም ሰው፣ ከትንበያ ሁሉ የሚከብረው ሳይደርስ የቀረው መሆኑን ዘንግቶት አያውቅም።

የግሊክን መጽሐፍ አሁንም ለወጣት አንባቢ እሰጣለሁ፤ ማስደነቅ ያውቃልና። አብሬ ግን ሎሬንዝ በ1993 ያሳተመውን፣ የ1972ቱን ንግግር በአባሪነት የያዘውን ቀጭን መጽሐፍ እሰጠዋለሁ፤ ጥያቄውን ከነምልክቱ የሚያገኘው እዚያ ነው። ለወዳጄም ያን ምሽት ያልሰጠሁት መልስ ይኸው። ሳይንሱ አይቻልም አላለም። እስከዚህ ድረስ ይቻላል፣ ከዚህ በኋላ በዕድል ሚዛን ይነገራል፣ ከዚያም ወዲያ ዝም ይባላል አለ። ከሦስቱ ሁለቱን ሰምቶ መሥራት የእኛ ፈንታ ነው። በሦስተኛው ላይ ብቻ ነው ከሊቁ ጋር ፈገግ ብለን «ፈጣሪ ያውቃል» ማለት የሚፈቀድልን።